የጎማ ዛፉን ቅርንጫፍ በራሱ ሥር ማቆም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት መጨረሻ

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ባለ አንድ የጋራ ግቢ ውስጥ ያረጀ የጎማ ዛፍ አለ። ከትልልቅ ቅርንጫፎቹ አንዱ ወደ ጎን ተዘርግቶ የማዕድ ቤቱን የቆርቆሮ ጣሪያ ተሻግሯል፤ ክብደቱም ከዓመት ዓመት ዝቅ እያደረገው ነው። ጎረቤቶች ክረምት ሳይገባ ይቆረጥ ብለው ተማክረው፣ መጋዝ ያለው ሰው አስመጥተው ዋጋ ተነጋግረው ነበር። እኔ ከቅርንጫፉ ሆድ የተንጠለጠሉትን ቀጫጭን ሥሮች አሳይቼ፣ እነዚህን መሬት አድርሰን ምሰሶ እናድርጋቸው፣ እስከዚያው ቅርንጫፉን በባላ እንደግፈው ብዬ ተከራከርሁ። ከግቢው ነዋሪ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ «ለጥላው ብለን የተከልነው ዛፍ ነው፤ የሚደገፍበት መላ ካለ ለምን ይቆረጣል» ስላሉ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

መላው ከዛፉ ወገን የተገኘ ነው። በሕንድ፣ ኮልካታ አጠገብ ባለው የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ውስጥ ከዚሁ ወገን የሆነ ታላቅ የባንያን ዛፍ አለ። ዋናው ግንዱ በፈንገስ ተበልቶ በ1925 እ.ኤ.አ. ተቆርጦ ተወግዷል። ዛፉ ግን አልሞተም፤ ከቅርንጫፎቹ ወርደው መሬት በያዙ ከ3,000 በላይ ሥሮች ላይ ቆሞ እስከ ዛሬ ይሰፋል። እኔ የምፈልገው ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያለ ምሰሶ ብቻ ነው።

ሰኔ ሲገባ

ለሥሮቹ መውረጃ ቦይ የሚሆነው ቀርከሃ እስኪመጣ ድረስ ስለ ዛፉ ጠባይ የማውቀውን ላስፍር፤ የምሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው።

በሆቴል መግቢያና በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ በአበባ መትከያ የምናየው፣ ቅጠሉ ሰፊና የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ ቅጠሉ በቀይ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚወጣው ተክል ይኸው ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ኢላስቲካ ነው፤ የዋርካ፣ የሾላና የባምባ ዘመድ ነው። የትውልድ አገሩ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ እስከ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ የሚደርሰው ሞቃትና እርጥብ ደን ሲሆን፣ እዚያ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ጫንቃ ላይ ነው። ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ወይም ጦጣ ፍሬውን በልቶ ዘሩን የቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ይጥለዋል። ቡቃያው እዚያ በተጠራቀመው ብስባሽ ላይ ይበቅልና ለዓመታት ትንሽ ሆኖ ይቆያል፤ የሚጠጣው ዝናብና ጤዛ ብቻ ነው። ከዚያ ሥሩን ወደ ታች ይለቃል።

ሥሩ መሬት ከነካ በኋላ እድገቱ ሌላ ይሆናል። ከአፈር ውሃና ማዕድን ማግኘት ስለሚጀምር ቅጠሉ ይበዛል፤ ሌሎች ሥሮች ይከተላሉ፤ በተሸካሚው ግንድ ዙሪያ እየተጠላለፉም በተነካኩበት ቦታ ሁሉ ይዋሐዳሉ። ተሸካሚው ዛፍ ሊወፍር ሲል በዚያ የሥር አጥር ይታነቃል፤ ከላይ ብርሃኑን፣ ከታች ውሃውን ይሻሙታል። ሞቶ ሲበሰብስ አናቂው ውስጡ ባዶ የሆነ የሥር ግንብ ሆኖ ይቀራል። ዘንባባ ግን ግንዱ ከዓመት ዓመት ስለማይወፍር በመታነቅ አይሞትም፤ የሚጎዳው ጥላው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ዛፍ ከተቀጥላ ጋር ይቀላቅለዋል። ተቀጥላ ሥሩን በተሸካሚው ቅርንጫፍ ውስጥ ሰርስሮ አስገብቶ ውሃውን ይጠጣል። አናቂው የፊከስ ወገን ግን ከተሸካሚው ግንድ አንዲት ጠብታ አይወስድም፤ የሚፈልገው መቆሚያ ነው። እንዲያውም በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ በላሚንግተን ብሔራዊ ፓርክ በ2013 እ.ኤ.አ. ከተነሣ ከባድ ማዕበል በኋላ የተደረገ ጥናት፣ አናቂ የተጠመጠመባቸው ዛፎች ካልተጠመጠመባቸው ይልቅ ከሥራቸው ሳይነቀሉ የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። ወደ መሬት የወረዱት ሥሮች አቃፊ ብቻ ሳይሆኑ ደጋፊም ናቸው ማለት ነው። ይህን ያነበብሁ ቀን ነው ስለ ግቢው ቅርንጫፍ ማሰብ የጀመርሁት።

እኛም አገር ይህ ጠባይ ያላቸው ዝርያዎች አሉ። በከፋና በኢሉባቦር የቡና ደኖች ውስጥ ቀረሮ ወይም ዋንዛ ላይ በቅለው ሥራቸውን መሬት ያወረዱ የዋርካ ዘመዶችን ማየት ይቻላል። ፍሬያቸው ለወፉም ለጉሬዛውም ምግብ ነው። የእኛ ግቢ ዛፍ ግን በሰው እጅ መሬት ላይ የተተከለ ስለሆነ ማንንም አላነቀም። ሥር የማውረድ ልማዱን ግን አልተወም።

ሰኔ አጋማሽ

መጀመሪያ ባላው። ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ፣ አናቱ መንታ የሆነ ጠንካራ እንጨት አገኘን። መንታው ላይ የቃጫ ጆንያ ደራርበን ጠቀለልን፤ ልጡ ከተላጠ ቁስሉ መበስበስን ይጋብዛል። የባላውን እግር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳርፈን፣ ቅርንጫፉን ሳንጨቁን እስኪነካው ድረስ ብቻ በሽብልቅ ከፍ አደረግነው።

ከዚያ የሥር ምርጫ። ከቅርንጫፉ ሆድ የሚንጠለጠሉት ሥሮች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አንድ ክንድ ሳይሞሉ ጫፋቸው ደርቋል። ይህ የዛፉ ድካም አይደለም፤ የአየሩ ነው። በሕንድ ሜጋላያ ግዛት የካሲ ሕዝብ በዚሁ ዛፍ ሥር ሕያው ድልድይ ይሠራል። እዚያ ቸራፑንጂ የሚባለው ቦታ በዓመት በአማካይ ከ11,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። አዲስ አበባ የምታገኘው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ይወርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው አየር ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ስለዚህ ሥሩ ጫፉ ሳይደርቅ ሦስት ሜትር እንዲወርድ እርጥብ መንገድ ልንሠራለት ይገባል።

ካሲዎች ለዚህ የሚጠቀሙት ውስጡ ተቦርቡሮ የተሰነጠቀ የዘንባባ ዓይነት ግንድ ነው፤ ሥሩን በዚያ ውስጥ አስተኝተው ወንዙን ያሻግሩታል። እኛ ጋ ያለው ቀርከሃ ነው። ወፍራም የደጋ ቀርከሃ ገዝቼ፣ ወንበርና አጥር ከሚሠራ ባለሙያ ጋር ቁመቱን ይዘን ለሁለት ሰነጠቅነው። ባለሙያው የመስቀለኛ አንጓዎቹን ግድግዳ በመሮ እየመታ አወጣቸው፤ አንዱንም ሳይሰነጥቀው ወለል ያለ ቦይ ሆነ። ለምን እንደሆነ ስነግረው አላመነኝም፤ ግን ለሥር የሚሆን ሸካራ ነገር እንዳይቀር ብሎ ውስጡን በመስታወት ስባሪ ፋቀልኝ።

ሦስት ሥሮች መረጥሁ፤ ሁሉም ከቅርንጫፉ አጋማሽ ወደ ውጭ ያሉ፣ ጫፋቸው ያልደረቀ። ግንዱ አጠገብ ያለ ሥር ምሰሶ ቢሆን ጥቅም የለውም፤ ክብደቱ ያለው ወደ ጫፍ ነው።

ሰኔ መጨረሻ

የመሬቱ ሥራ ካሰብሁት በላይ ጊዜ ወሰደ። ከቅርንጫፉ በታች ያለው ቦታ ለዘመናት የተጣለ ነገር የተጠቀጠቀበት ነው፤ የጡብ ስባሪ፣ ኖራ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የስኒ ስባሪ ወጣ። ይህን ሁሉ አውጥተን ጉድጓዶቹን በቀይ አፈር፣ በበሰለ ፍግና በጥቂት አሸዋ ሞላን።

ጉድጓዶቹን የት እንደምናደርግ ግን ብዙ ተነጋግረናል። የዚህ ዛፍ ሥር የውሃ ቧንቧና የድንጋይ ንጣፍ የሚያነሣ ሥር ነው፤ ይህን መደበቅ ጎረቤትን መበደል ነው። በካምቦዲያ፣ በታ ፕሮም ቤተ መቅደስ ላይ የበቀሉ ዛፎች ሥር የድንጋይ ግድግዳውን እንዴት እንደያዘው ፎቶግራፍ ያላየ ጥቂት ነው። ስለዚህ የውሃ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ጠይቀን፣ ከእሱም ከማዕድ ቤቱ መሠረትም የራቀውን ጎን መረጥን፤ በቤቱ በኩል ባለው ወገን ቆርቆሮ ወደ ታች ቀብረን ጋረድነው። ቆርቆሮው ለዘላለም አይከላከልም። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በዚያ መስመር መቆፈርና ያለፈውን ሥር መቁረጥ የሥራው አካል ሆኖ ተጽፏል፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣም ሰው እንዲሁ።

ሐምሌ

ቦዮቹ ተተከሉ። ሥሩን በአንዱ ክፋይ ውስጥ አስተኝቼ፣ በብስባሽና በተበጣጠሰ የቃጫ ጆንያ ዙሪያውን ሞልቼ፣ ሌላውን ክፋይ ገጥሜ በሲባጎ አሰርሁት። እርጥበቱን የሚይዘው ጆንያው ነው፤ ብስባሹ ብቻውን በአንድ ዶፍ ታጥቦ ይወርዳል።

ሦስተኛው ቦይ ላይ ጣት የምታህል መስኮት አበጅቼ በጨርቅ ከድኛታለሁ፤ በእሷ በኩል የሥሩን ጫፍ አያለሁ። ከላይ ያለው የሥሩ ክፍል ቡናማና ደረቅ ነው፤ በእጅ ሲዳስሱት ሸካራ ነጠብጣቦች አሉት፤ በእነሱ ይተነፍሳል። ወደ ታች ሲወርዱ ይለሰልሳል፤ ቀለሙ ይፈዛል። የመጨረሻው ጫፍ በሚያዳልጥ ቆብ የተሸፈነ፣ በጥፍር ቢነካ የሚቆረጥ ለጋ ነገር ነው። አየር ላይ ሳለ ልሙጥ የነበረው ገላ ጆንያው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ነጫጭ ደቃቅ ፀጉር አወጣ። ውሃ የሚጠጣው በዚያ ፀጉር ነው። አፈር ሳይነካ፣ እርጥብ ጨለማ ብቻ አግኝቶ ጠባዩን ለወጠ። ጨርቁን ገልጬ ይህን ሳይ የግቢው ልጆች ተሰብስበው በተራ አዩ።

በወሩ መጨረሻ ላይ በረዶ ጣለ። ቅጠሎች ተቀደዱ፤ ከየስንጥቁ ነጭ ወተት ጠብ ጠብ አለ። ወተቱ ደርቆ በጣት ሲስቡት ይለጠጣል። የብራዚሉ የጎማ ዛፍ ገበያውን ከመውሰዱ በፊት በአሳም ጎማ የሚሰበሰበው ከዚህ ዛፍ ነበር። ቆዳን ስለሚያሳክክ ልጆቹን በሳሙና አስታጠብኋቸው። ሥሮቹ አልተነኩም።

ነሐሴ

የመጀመሪያው ሥር መሬት ደረሰ! በቦዩ እግር ያለውን አፈር በእንጨት ጫር ጫር ሳደርግ ጫፉን አገኘሁት፤ ከአንድ ወደ ብዙ ተከፋፍሎ ቀዩን አፈር ይዟል። ወዲያው መልሼ አለበስሁት። ለእማማ ስነግራቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው «ተመስገን፣ ልጄ፤ እንግዲህ ያዘ» አሉ።

ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም። ሦስተኛው ገና ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የጠበቅሁት ነገር የሥሩ መወጠር ነበር። ከቅርንጫፉ እስከ ቦዩ አፍ ያለው የሥሩ ክፍል ሲተከል ለስላሳና ወደ ጎን የጎበጠ ነበር። መሬት ከያዘ በኋላ ጉብጠቱ ቀስ በቀስ ቀና፤ አሁን በጣት ሲመቱት ይነዝራል። በ1968 እ.ኤ.አ. በፊከስ ቤንጃሚና፣ ማለትም በየአጥሩ በሚተከለው ባለ ትንሽ ቅጠል ዘመዱ ላይ የወጣ ጥናት ምክንያቱን ያስረዳል፦ ሥሩ መሬት ከያዘ በኋላ በውስጡ ልዩ ዓይነት የእንጨት ክር ይሠራል፤ ያ ክር ሲኮማተር ሥሩን ያሳጥረዋል። ዛፉ ገመዱን ራሱ ይወጥራል ማለት ነው። ሥሩ መጀመሪያ የሚሠራው ቅርንጫፉን ከነፋስ ውዝዋዜ መያዝ ነው፤ ክብደት የሚሸከም ምሰሶ የሚሆነው ሲወፍርና ሲጠነክር ነው። ለእኛ ሁለቱም ያስፈልጉናል። የነሐሴ ነፋስ ቅርንጫፉን ሲያወዛውዘው ቆርቆሮው ይንኳኳ ነበር፤ ድምፁ ቀንሷል፤ ከዚህ ውስጥ የባላው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም።

መስከረም

አንድ ጎረቤት ጥሩ ጥያቄ አነሡ፦ ይህ ዛፍ ዘሩ በወፍ ተወስዶ በየጣሪያችን ላይ አይበቅልም ወይ? መልሱ የዚህን ወገን ዕፅዋት እጅግ አስደናቂ ነገር ይነካል። የፊከስ ፍሬ የምንለው ነገር አበቦቹ ወደ ውስጥ የተገለበጡበት ከረጢት ነው። አበቦቹን የምታዳቅለው በጣም ትንሽ ተርብ ናት፤ በጠባቧ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል፤ አበቦቹን አዳቅላ፣ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። አብዛኛው የፊከስ ዝርያ የራሱ ተርብ አለው። ከትውልድ አገሩ ርቆ ተርቡ በሌለችበት ቦታ የተተከለ የጎማ ዛፍ የሚበቅል ዘር አያፈራም፤ የሚባዛው በዝንጣፊ ነው። በድንጋይ አጥርና በአሮጌ ጣሪያ ስንጥቅ ላይ ወፍ ዘርቷቸው የሚበቅሉት ተርባቸው አብራቸው ያለች ያገራችን ዝርያዎች ናቸው። ጎረቤቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ከአንዱ ዝንጣፊ እንድሰጣቸው ጠየቁ።

በዚሁ ወር ሁለቱ ሥሮች አጠገብ ሌሎች ቀጫጭን ሥሮች ስለወረዱ፣ ለጋ ሳሉ ከዋናው ሥር ጋር እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ በጥጥ ጨርቅ ሸብ አደረግኋቸው። ሽቦ አይሆንም፤ ሥሩ ሲወፍር ይበላዋል። ልጥ ከልጥ ሲጫን ሁለቱም ይሳሳሉ፤ በስተመጨረሻም እንጨታቸው አንድ ይሆናል። ይህ በአንድ ዛፍ ሥሮች መካከል ብቻ የሚሆን አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. በፓናማ አናቂ ዛፎች ላይ የወጣ የዘረ መል ምርመራ፣ አንድ ግንድ የሚመስለው ዛፍ ከተለያዩ ዘሮች የበቀሉ በርካታ ዛፎች ተዋሕደው የሠሩት ሊሆን እንደሚችል አረጋግጧል።

ኅዳርና ታኅሣሥ

የሥራው ከባድ ወቅት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀኑን ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ሦስተኛው ሥር መሬት ሊደርስ ክንድ ያህል ሲቀረው ጫፉ ጠቆረ። በመስኮቷ በኩል ደርቆ የተኮማተረውን ጫፍ ሳየው አዘንሁ፤ የዓመቱ ሥራ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ከጠቆረው ክፍል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ ጎንና ጎን ሁለት ለጋ ጫፎች ብቅ አሉ። አንዱ ሲሞት ሁለት መተካቱ የዚህ ሥር ተፈጥሮ ነው፤ ግን ሁለቱም ውሃ ይፈልጋሉ።

ያደረግሁት ይህ ነው፦ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ከቦዩ አፍ በላይ ሰቅዬ፣ ክዳኑን በስቼ የጥጥ ፈትል አሳለፍሁበት። ውሃው በፈትሉ እየተሳበ ቀኑን ሙሉ ጆንያውን ያርሰዋል። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ንጹሕ ውሃ ለዛፍ ማለት ለሰው አይመችም። እማማ መላ አመጡ፤ የቡናው ስኒ የታጠበበት ውሃ በባልዲ እየተጠራቀመ፣ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ጥሩው ለጠርሙሱ ይቀዳል። ቡና ጠዋትም ከሰዓትም ስለሚፈላ ጠርሙሱ ባዶ አይሆንም። ይህን ሥራ አሁን የሚሠሩት የግቢው ሴቶች ናቸው፤ እኔ ፈትሉን ብቻ እቀይራለሁ።

የካቲት

የመጀመሪያውን ቦይ ከላይ ጀምሬ ስንዝር ያህል ገለጥሁት። ለዚህ የተሻለው ጊዜ ደመና ያለበት ማለዳ ነው። ሥሩ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ከወጣ ለጋው ልጥ ይቃጠላል፤ በየጥቂት ሳምንቱ ስንዝር ስንዝር እየተገለጠ ወደ ታች መውረድ አለበት። ውፍረቱ ከአውራ ጣቴ በልጧል። ልጡ ጠንክሮ ግራጫ ቡናማ ሆኗል፤ የተጎነጎኑት ቀጫጭን ሥሮችም በሦስት ቦታ ተጣብቀዋል፤ በጥፍሬ ልለያቸው ብሞክር አልተላቀቁም።

የባላውን ሽብልቅ ትንሽ አላልቼ ቅርንጫፉን ተመለከትሁ። ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ፤ ሁለቱ ሥሮች ተወጠሩ። ሽብልቁን ወዲያው መልሼ መታሁት። አውራ ጣት የሚያህል ሥር ይህን የሚያህል ቅርንጫፍ ሊሸከም አይገባውም፤ ካሲዎችም ድልድያቸው ሰው እስኪያሻግር ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ይጠብቃሉ። ባላው ገና ብዙ ክረምት ይቆማል። እግሩ ምስጥ እንዳይገባበት በየመስከረሙ ይታያል፤ ከተበላም በአዲስ ይተካል።

መጋቢት

የበልግ ዝናብ ጀምሯል። ሦስተኛው ሥር ከሁለቱ አዳዲስ ጫፎቹ በአንዱ መሬት ነክቷል፤ ሌላው ተከትሎ እየወረደ ነው፤ ሁለቱም ይቆያሉ። ከቅርንጫፉ ጫፍ አጠገብ ለአራተኛ ምሰሶ የሚሆን ሥር አግኝቻለሁ፤ ቀርከሃው ተሰንጥቆ ተዘጋጅቷል፤ ሰኔ ሲገባ ይተከላል። በቅርንጫፉ ጫፍ ያሉ ክብደት ያላቸው ሁለት ንዑስ ቅርንጫፎች ከክረምቱ በፊት በንጹሕ መጋዝ ይቀነሳሉ፤ መጋዝ ያለው ሰው ለዚሁ ተጠርቷል። ከዚያ የሚወጡት ዝንጣፊዎች ወተታቸው ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ በአሸዋ ላይ ተተክለው ለጎረቤቴና ለሚፈልግ ሁሉ ይሰጣሉ፤ ከቤትና ከቧንቧ ርቀው እንዲተከሉ አብሬ እሄዳለሁ።